ስለ ስም፣ ስለ ዘመንና ስለ እንጀራ

ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ ሲሰፍሩ ስላገኛቸው የየዕለት ችግር

ስለ ስደት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ መንገዱ ነው። በረሃውን በሌሊት ያቋረጠው፣ በገዳሪፍና በከሰላ ሰፈር በወባ የታመመው፣ በካርቱም ከተማ በሰው ቤት እያገለገለ ወረቀት የጠበቀው ሰው ታሪኩ ሲወራ ይኖራል፤ ሊወራም የሚገባው ነው። ዳሩ ግን መንገዱ ካለቀ፣ ስደተኛውም ቤት ተከራይቶ በሩን ከዘጋ በኋላ የሚመጣው ችግር ትንሽ ስለሚመስል ጸሐፊ አላገኘም። ይህ ችግር ሰውን አይገድልም፤ ነገር ግን በእግር ውስጥ እንደ ቀረ የእሾህ ስባሪ ሰው በተራመደ ቍጥር ይጠቀጥቃል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ኢትዮጵያውያን በአሜሪካ፣ ይልቁንም በዋሽንግተንና በአጠገቧ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አገሮች ኑሮ ሲመሠርቱ ያገኛቸው ይህ ትንሹ ችግር ይነገራል።

ቀድሞ ኢትዮጵያዊ ወደ አሜሪካ የሚሄደው ሊመለስ ነበረ። ዶክተር መላኩ በያን በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ፈጽመው በ1927 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1935) እንደ ተመረቁ ወደ አገራቸው ተመልሰው በጦርነቱ ጊዜ አገለገሉ። ዳግመኛ ወደ አሜሪካ የሄዱት ከጠላት ወረራ በኋላ ለአገራቸው ነጻነት ርዳታ ለመለመን ነው፤ በኒውዮርክም የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር በ1929 ዓ.ም. አቋቁመው በ1932 ዓ.ም. በዚያው በሰው አገር ዐረፉ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ለትምህርት የተላኩት ወጣቶችም አብዛኞቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ይመለሱና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ይይዙ ነበር። የሚመለስ ሰው የሰው አገር ሥርዓት ቢያስቸግረው ይሥቃል እንጂ አያዝንም፤ ሻንጣው ከአልጋው ሥር ነውና።

ነገሩ የተለወጠው ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ነው። መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ ይልቁንም በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በውጭ አገር የነበረው ተማሪ የሚመለስበትን አጣ፤ በአገር ቤት የነበረውም ወጣት በእግሩ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ከዚህ በኋላ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር መጋቢት 8 ቀን 1972 ዓ.ም. (ማርች 17 ቀን 1980) በፈረሙት ሕግ የአሜሪካ መንግሥት ስደተኞችን በሥርዓት የሚቀበልበትን ደንብ አወጣ፤ በዚህም ምክንያት በሱዳን የተጠለሉ ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ ይገቡ ጀመር። በ1983 ዓ.ም. በኅዳር ወር የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በዕጣ የሚገኘውን ፈቃድ ፈጠረ፤ ሕዝቡ ዲቪ ብሎ የሚጠራው ይህ ዕጣ በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ ውሎ፣ በረሃ ያላየ ሰው ከቤቱ ተነሥቶ በሰላም እንዲሄድ አደረገ። የሄዱበት ምክንያት ልዩ ልዩ ይሁን እንጂ ሁሉም በደረሱ በመጀመሪያው ሳምንት ያገኛቸው ነገር አንድ ነበረ፤ ይኸውም የሚሞላ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ የሚጀምረው በስም ነው። በኢትዮጵያ ሥርዓት ሰው የራሱ ስም አለው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያባቱ፣ ሲያስፈልግም ያያቱ ስም ይጠራል። ከዘር ወደ ዘር የሚተላለፍ የቤተ ሰብ ስም የለም፤ ሴትም ብታገባ ያባቷን ስም ትታ የባሏን አትወስድም። የአሜሪካ ወረቀት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህን የሌለውን ነገር ነው። ስለዚህ ሰውየው አንድ ጊዜ ያባቱን፣ ሌላ ጊዜ ያያቱን ስም በዚያ ቦታ ይጽፋል፤ የጻፈውም ተጣብቆበት ይቀራል። በሐኪም ቤት ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ጸሐፊዋ «ሚስተር ከበደ» ብላ ትጣራለች፤ እርሱ ግን አይነሣም። ከበደ ማለት አባቱ ናቸው፤ እርሳቸውም ያሉት ደብረ ብርሃን ነው፤ ወይም ካረፉ ቈይተዋል። አባቱን በአንቱታ እንጂ በስማቸው ጠርቶ የማያውቅ ሰው፣ እንግዳ ሴት ስማቸውን ስትጣራ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው አባቴን ምን አገኘብኝ ብሎ ነው። የተጠራው ራሱ መሆኑን የሚረዳውም ተራው ካለፈ በኋላ ነበረ።

ከዚህ የሚብሰው ግን ከቅዱሳን ስም ጋር የተያያዘው ስም ነው። ገብረ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ወለተ ሥላሴ የሚባለው አንድ ስም ነው እንጂ ሁለት አይደለም። የመዝገቡ ጸሐፊ ግን በመካከሉ ባዶ ቦታ ሲያይ ከሁለት ይከፍለዋል፤ ማርያም የሚለውን በመካከለኛው ስም ሣጥን ይጥለዋል፤ ብዙ ጊዜም በአንዲት ፊደል ያሳጥረዋል። እንዲህ ሆኖ ገብረ ማርያም ገብረ ብቻ እየተባለ ኻያ ዓመት ይሠራል፤ ገብረ ማለትም አገልጋይ ነውና፣ የማን አገልጋይ እንደ ሆነ ሳይነገርለት ይኖራል። አንዳንዶች ይህን አይተው ሁለቱን ቃል በአንድ ገጥመው መጻፍ ጀመሩ፤ መልካም ዘዴ ነበረ፤ ነገር ግን ለብዙው ሰው ነገሩ የገባው ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍም ጸን አንዱ በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሁለት ስለሚጽፈው፣ አንድ ሰው በፓስፖርቱ አንድ፣ በመንጃ ፈቃዱ ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ ሁለቱም ራሱ መሆኑን ለማስረዳት መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ሲመላለስ ያልተከፈለበት የሥራ ቀን ብዙ ነው።

በቤተ ሰብ ላይ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። በሱዳን የተወለደው ልጅ በኢትዮጵያ ሥርዓት ያባቱን ስም ይዞ ይገባል፤ በአሜሪካ ለተወለደችው እኅቱ ግን ሐኪም ቤቱ ያባቷን የቤተ ሰብ ስም፣ ማለት ያያቷን ስም ይጽፍላታል። ባንድ እናትና ባንድ አባት የተወለዱት ልጆች በመዝገብ ባዕዳን ይሆናሉ። እናትየውም የራሷን አባት ስም የያዘች ስለ ሆነች ከማንኛቸውም ጋር አትገጥምም። ልጁን ከትምህርት ቤት ሊወስድ የሄደ አባት አባትነቱን በወረቀት አስረዳ ሲባል ያገኘው ኀፍረት፣ ላልደረሰበት ሰው ቀላል ነገር ይመስለዋል።

ከስም ቀጥሎ የሚጠየቀው የልደት ቀን ነው። በኅዳር ሚካኤል ዕለት የተወለደ ሰው ይኑር፤ ኅዳር 12 ቀን 1951 ዓ.ም. ማለት ነው። ይህ ቀን በአውሮፓ አቈጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 1958 ነው። ሰውየው ግን የሚያውቀውን ጻፍ ቢሉት ኅዳር ሦስተኛ ወር ነውና 12፣ 3፣ 1951 ብሎ ይጽፋል። አሜሪካኖች ወርን ከቀን ያስቀድማሉ፤ ስለዚህ ጸሐፊው የዐሥራ ሁለተኛው ወር ሦስተኛ ቀን፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1951 ብሎ ያነበዋል። በዚህች በአንዲት መስመር ሰውየው ሰባት ዓመት ያህል አርጅቶ፣ የልደቱም ቀን ከቅዱስ ሚካኤል በዓል ተነሥቶ ማንም ወደማያስበው ቀን ሄደ። በጳጕሜን የተወለደውስ ምን ይበል? የአሜሪካ ዓመት ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለውምና ወረቀቱ አይቀበለውም።

ቀኑን ጭራሽ የማያውቅም ብዙ ነበረ። በገጠር የተወለደ ሰው ልደቱን የሚያውቀው እናቱ የአንበጣው ዓመት፣ ወይም እገሌ በተሾመ በሁለተኛው ክረምት እያለች በምትነግረው ነው፤ ይህ ለቤተ ዘመድ የበቃ ማስረጃ ነበር፤ ለመዝገብ ግን አልበቃም። ለእንደዚህ ያለው ስደተኛ የመዝገቡ ሹም ጃንዋሪ 1 የሚለውን ቀን ይጽፍለታል። በዚህ ምክንያት ባልና ሚስት፣ ልጆቻቸውም ሳይቀሩ፣ ሁሉም በአንድ ቀን የተወለዱባቸው ቤተ ሰቦች በብዛት ይገኛሉ፤ የአሜሪካ ሠራተኞችም መጀመሪያ ተጠራጥረው ነበር፤ በኋላ ግን ለመዱት።

ይህ ሁሉ ለጊዜው የሚያሥቅ ነበር፤ ዋጋው የታወቀው ዘግይቶ ነው። በአሜሪካ ሕግ ሠራተኛ የጡረታ ገንዘቡን ከ62 ዓመቱ ጀምሮ እየተቀነሰ ሊቀበል ይችላል፤ ሙሉውን የሚያገኘው ግን በ1960ና ከዚያ ወዲህ የተወለደ እንደ ሆነ በ67 ዓመቱ ነው። እንግዲህ በወረቀት ሰባት ዓመት ያረጀ ሰው ሳይደርስ ጡረታ ይወጣል፤ አንዳንዱም በዚህ ስሕተት እግዜርን አመስግኗል። ትምህርት ቤት እንዲያስገቡት ብሎ ዕድሜውን የቀነሰ፣ ወይም ጸሐፊው ያሳነሰው ግን ጕልበቱ አልቆ ወገቡ ጐብጦ እያለ፣ ገና ነህ እየተባለ ሌሊት ሌሊት ሲሠራ ይገኛል። ለማስተካከል የሚጠየቀው የልደት ወረቀት ነው፤ ወይም በሕፃንነት ጊዜ የተጻፈ የክርስትና መዝገብ ነው። ወንድ በዐርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን መጠመቋን ሁሉም ያውቃል፤ እናት ከዚያ ተነሥታ ቀኑን ቈጥራ ትናገራለች፤ ካህኑ ያን ዕለት በብራና ጽፈው ካላኖሩ ግን የእናት ቍጥር በመሥሪያ ቤት ዘንድ አይቈጠርም።

ዘመኑ ከተስተካከለም በኋላ ሰዓቱ አለ። በኢትዮጵያ ሰዓት የሚቈጠረው ከፀሓይ መውጣት ጀምሮ ነው፤ በአሜሪካ ግን ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። ከቀትር በኋላ በሦስት ሰዓት ና የተባለ አዲስ ሰው የጠዋቱ ሦስት ሰዓት መስሎት ስድስት ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል፤ ይህ ጉዳቱ ብርድ ላይ መቆም ብቻ ነው። ጠዋት በዘጠኝ ሰዓት ና የተባለው ግን ከምሳ በኋላ ተረጋግቶ ሲመጣ ሥራው ለሌላ ተሰጥቷል። አንዳንዱ ሁለት ሰዓት በሁለት እጁ አስሮ ይሄድ ነበር ይባላል። የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ስለሚያዛውር፣ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በክረምቷ ስምንት ሰዓት፣ በበጋዋ ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ እናቱን በቴሌፎን ላነጋግር ያለ ልጅም ቈጠራው ሲሳሳትበት ብዙ ጊዜ ከእንቅልፍ ቀስቅሶ አስደንግጧቸዋል።

የዕዳ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስገርማል። በኢትዮጵያ ሥርዓት ብድር የሌለበት ሰው የተከበረ ነው፤ አባትም ልጁን የሚመክረው ከዕዳ እንዲርቅ ነው። በአሜሪካ ግን ተበድሮ የማያውቅ ሰው አይታመንም። ቤት ሊከራይ፣ መኪና ሊገዛ ሲሄድ የብድር ታሪክህ የት አለ ይሉታል፤ የማንም ገንዘብ የለብኝም ብሎ በኵራት ሲመልስ ጸሐፊው በኀዘን ይመለከተዋል። ለመታመን አስቀድሞ መበደር፣ ለመበደርም አስቀድሞ መታመን ያስፈልግ ነበርና ስደተኛው በዚህ መካከል ተይዞ ይኖራል። ከዚህ ያወጣው የጥንቱ ዕቁብ ነው። ዐሥር ወይም ኻያ ሆነው በየወሩ አዋጥተው ዕጣ እየጣሉ፣ ያለ ባንክና ያለ ወለድ፣ ያለ ወረቀትም፣ አንዱ ታክሲ፣ አንዱ የቤት ቅድሚያ ክፍያ፣ አንዱም ለወንድሙ የአውሮፕላን ትኬት ገዛበት።

ስለ ሥራ ብዙ ተነግሯልና እዚህ ማስረዘም አያስፈልግም። በአገራቸው መምህር፣ ዳኛ፣ የጦር መኰንን የነበሩ ሰዎች በመኪና ማቆሚያ ቤት ወረቀት ሲቈርጡ፣ በሆቴል ሳሕን ሲያጥቡ፣ በታክሲም ሲሠሩ ኖሩ፤ ያገር ቤት ዲግሪያቸውን የሚመረምርላቸው አልነበረምና። ስለ ታክሲ ግን አንድ ነገር መባል አለበት። በዋሽንግተን እስከ 2000 ዓ.ም. (2008) ድረስ የታክሲ ዋጋ የሚታሰበው በመለኪያ መኪና ሳይሆን ከተማው በተከፈለበት ቀጠና ነበር። ባለ ታክሲው የቀጠናውን ድንበር ሁሉ በልቡ ማወቅ ነበረበት፤ ተሳፋሪውም ድንበሩን ስለማያውቀው ባንድ መንገድ ማዶና ማዶ ዋጋው ሲለያይ የተታለለ ይመስለዋል። ከጎጃም ወይም ከወሎ የመጣ ሰው ለዚያ አገር ተወላጅ ያገሩን ከተማ ድንበር እየነገረ ሲከራከር መዋሉ የሚያስደንቅ ነው። መለኪያው ሲታዘዝ ግን ብዙ ባለ ታክሲዎች ገቢያችን ይቀንሳል ብለው ተቃወሙ፤ አድማም አደረጉ፤ የጠሉት ሥርዓት ሳይታወቃቸው የራሳቸው ሆኖ ነበርና።

ምግብን በሚመለከት ትልቁ ኀዘን እንጀራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጤፍ አይገኝም ነበር። ሴቶቹ፣ ወንደላጤዎቹም ከእነርሱ ተምረው፣ እርሾ የተቀላቀለበትን የስንዴ ዱቄት፣ የበቆሎና የገብስ ዱቄትም እየጨመሩ፣ የጋዝ ውሃ እያፈሰሱ፣ በማይዝ መጥበሻ ላይ ይጋግሩ ነበር። ዐይን ያወጣለት ቀን የበዓል ያህል ነው፤ ጣዕሙ ግን እንጀራ አልነበረም፤ ሁሉም እያወቀ ዝም ይላል። በኋላ ኖርዌጃውያን ለቂጣቸው የሚገለገሉበት ሰፊ ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ መኖሩ ተሰማ፤ እርሱም ለእንጀራ ደኅና ሆኖ ስለ ተገኘ ከቤት ወደ ቤት ተዛመተ። ጤፉንም በኢትዮጵያ ቈይቶ ያወቀው ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ፣ እንደ ፈረንጆች በ1980ዎቹ ዓመታት በአይዳሆ አገር ይዘራና ይሸጥ ጀመር። ከዋሽንግተን ብዙ ሺሕ ምዕራፍ በሚርቅ የፈረንጅ እርሻ የበቀለ ጤፍ የወሎን ሴት እጅ አገኘ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት እንደ ፈረንጆች በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ በከለከለ ጊዜም ለስደተኛው የጠቀመው ይኸው ነው። በከተማው መካከል ደግሞ ማማ ደስታ የተባለው ምግብ ቤት በ1978 ከተከፈተ ወዲህ፣ በዐሥራ ስምንተኛው መንገድና በሌላውም ስፍራ ብዙ ምግብ ቤቶች ተከትለውት፣ ወንደላጤው በሰንበት የሚሄድበት አገኘ።

ዶሮም የራሷ ታሪክ አላት። ባለሙያ ሴት ዶሮን በዐሥራ ሁለት ብልት ትገነጥላለች፤ ለእንግዳ የሚቀርበው፣ ለባል የሚሰጠው፣ ለልጅ የሚተርፈው የታወቀ ነው። የአሜሪካ ሱቅ ዶሮ ግን በስምንት ተቈርጣ፣ አንገቷ ተጥሎ፣ ቆዳዋ ሳይገፈፍ ትሸጣለች። ስለዚህ የትንሣኤ ዶሮ ወጥ ቀርቦ ብልቱ ሲጐድል ባለቤቲቱ የምታፍረው በራሷ እጅ ስሕተት አልነበረም። የጾም ነገር ከዚህ ይከብዳል። ረቡዕንና ዓርብን ዐቢይ ጾምንም ጨምሮ በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ምእመን፣ ዳቦ ሲገዛ በላስቲኩ ላይ የተጻፈውን ደቃቅ ጽሕፈት ማንበብ አለበት፤ የወተት ዱቄት ወይም ቅቤ የሚገባበት የፈረንጅ ዳቦ አለና። ቋንቋውን ገና ያልለመዱት እናቶች የወተትን ስም በእንግሊዝኛ የተማሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ጨዋነትም ያስርብ ነበር። አዲስ የመጣ ሰው በአሜሪካዊ ቤት ተጋብዞ ብላ ሲሉት እንደ ልማዱ በቅቶኛል ይላል፤ ሦስት ጊዜ እስኪለመን ድረስ እጁን አይዘረጋም። አሜሪካዊው ግን አንድ ጊዜ ጠይቆ ሳሕኑን ያነሣል፤ በእርሱ ዘንድ የሰውን ቃል ማመን ነው አክብሮት። ሁለቱም በጨዋነት ሲሽቀዳደሙ እንግዳው ተርቦ ይመለሳል። በጎረቤቱም በር ሰላምታ ሲቀርብለት፣ እንዴት ነህ ለሚለው ቃል ስለ ቤተ ሰቡ፣ ስለ እግሩ ሕመምና ስላገሩ ዝናም ሊመልስ አፉን ሲከፍት፣ ጠያቂው መንገዱን ቀጥሎ ይሄዳል። ቡና ተፈልቶ ዕጣን ሲጨስ ደግሞ በጣራው ላይ ያለው የእሳት ደወል ይጮኻል፤ ሕንጻው ሁሉ በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ ብዙ ቤት ከቡናው አስቀድሞ ደወሉን በፌስታል መሸፈን የሥርዓቱ መጀመሪያ ሆነ፤ የሚደገፍ ሥራ ግን አይደለም።

ደወሉ ለቤተ ክርስቲያንም አልራራም። ምእመናን ጥቂት በነበሩበት ጊዜ የሚያስቀድሱት በሌላ ሃይማኖት ቤት በኪራይ ነበረ፤ ባለቤቶቹ ጠዋት ስለሚገለገሉበት ቅዳሴው እስከ ቀትር በኋላ ይቈያል፤ ሥጋ ወደሙ የሚቀበለውም ሕፃን ሆነ ሽማግሌ እስከዚያ ድረስ አፉን ሳይሽር ይጠብቃል። ቤተ ልሔም ይሁን ተብሎ በተሰጠው ጓዳ ኅብስቱ ይጋገራል፤ ማዕጠንቱ ሲበዛም የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከነመኪናቸው ይደርሳሉ። ከሁሉ የሚከብደው የካህናት ቍጥር ነው። ቅዳሴ ከሁለት ቀሳውስትና ከሦስት ዲያቆናት ባነሰ አይፈጸምምና፣ አንዱ ዲያቆን በሌሊት ሥራ ደክሞ እንደ ሆነ፣ አንዱም መኪናው በበረዶ ተይዞ እንደ ሆነ፣ መቶ ሰው ተሰብስቦ ጸሎት አድርጎ ብቻ ይበተናል። ልደትና ጥምቀት፣ በፈረንጆች ጃንዋሪ 7ና 19፣ በሥራ ቀን ሲውሉ አሠሪው ገና ካለፈ ዐሥራ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ሁለተኛ ገና ምንድን ነው ብሎ ፈቃድ ይከለክላል። በበረዶ ጊዜ በደጅ ተራ የተደረደረው ጫማ ርሶ ይጠብቃል፤ ነጭ ነጠላ ከወፍራም ካፖርት በላይ መደረቡም ከዚያ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ስደተኛውን ያስለቀሰው የመርዶ አነጋገር ነው። በአገር ቤት መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰብስበው፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ የሚይዘውና የሚያጽናናው በዙሪያው ሆኖ ይነገረዋል። በስደት አገር ወሬው የሚመጣው በቴሌፎን ነው። ወገኖቹ ይህን አስበው ለእርሱ ሳይሆን ለጓደኛው ይደውላሉ፤ ጓደኛውም ሌሎችን ሊሰበስብ ይሞክራል። ነገር ግን አንዱ የሌሊት፣ ሌላው የቀን ሠራተኛ ነውና ሁሉም የሚገናኙበት ቅዳሜ ይጠበቃል። እናቱ የሞተችበት ሰው እስከዚያ ድረስ ዐሥር ቀን ሲበላ፣ ሲጫወት፣ ለእርሷም ገንዘብ ሊልክ ባንክ ሲሄድ ይሰነብታል፤ ያወቁት ሰዎችም ፊቱን እየሸሹ ይኖራሉ። ቅዳሜ ማለዳ በሩ ተንኳኵቶ አምስት ስድስት ሰው ቆሞ ሲያይ ማንም ሳይናገር ያውቃል። ዋይታው ሲሰማ ግድግዳው ስስ ስለ ሆነ ከጎረቤት ፖሊስ የሚጠራ አይጠፋም። ሰኞ ለአሠሪው ሲነግረው አሠሪው ሟቹ ምንህ ነው ብሎ ይጠይቃል፤ አባት፣ እናት፣ ወንድም ያለ እንደ ሆነ ሦስት ቀን ያህል ይሰጠዋል። ያሳደገው አጎቱ፣ እንደ ወንድም አብሮት ያደገው ያክስቱ ልጅ የሞተ እንደ ሆነ ግን በወረቀቱ ላይ ቦታ የላቸውምና፣ ዐይኑን ጠርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል። በዋሽንግተንና በሌላውም ከተማ ዕድር የተቋቋመው ለሬሳ ማጓጓዣ ብቻ አይደለም፤ ቅዳሜ ማለዳ በር ላይ የሚቆም ሰው እንዳይታጣ ነው።

ልጆቹ ደግሞ በዚህ መካከል አደጉ። ቋንቋውን ከወላጆቻቸው ቀድመው ስለ ለመዱት የቤቱ አስተርጓሚዎች ሆኑ። በዐሥር ዓመቷ እናቷን ወደ ሐኪም ያደረሰች ልጅ፣ ሐኪሙ ለእናቷ ሊናገር የሚገባውን ከባድ ነገር መጀመሪያ የምትሰማው እርሷ ናት፤ ከዚያም በአማርኛ ቃል ፈልጋ መንገር አለባት፤ ቃሉን ባታውቀው ወይም ብትፈራው ደኅና ነሽ ብሎሻል ትላለች። የኪራዩን ውል የሚያነብ፣ ከትምህርት ቤት የመጣውን ስለ ራሱ ጥፋት የተጻፈ ደብዳቤም የሚተረጕም ያው ልጅ ነው፤ በዚህኛው ጊዜ ትርጕሙ ምን ያህል የታመነ እንደ ነበረ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

የዋሽንግተን ከተማ በ1996 ዓ.ም. (2004) ባወጣው ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶቻቸውን እንዲተረጕሙባቸው ከተመረጡት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በሕዝብ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ከስፓኒሽ፣ ከፈረንሳይኛ፣ ከቻይንኛ፣ ከኮሪያና ከቬትናም ጽሕፈት ጋር የግእዝ ፊደል ተሰቅሎ ይታያል። ሽማግሌዎች መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ያለ አስተርጓሚ ያነባሉ። የመጀመሪያው መስመር ግን ያው የጥንቱ ነው፤ የቤተ ሰብ ስም ይላል። አንድ አዛውንት እዚህ ሲደርሱ ብዕራቸውን አኑረው፣ አጠገባቸው የተቀመጠችውን የልጅ ልጃቸውን «ይህ የሚሉት ያባቴን ነው ወይስ ያያቴን?» ብለው ይጠይቋታል፤ እርሷም በአማርኛ የተጻፈውን ማንበብ ስለማትችል «ምን ይላል፣ አባባ?» ብላ መልሳ ትጠይቃቸዋለች።